የክቡ ቤት እስትንፋስ

«ጋሼ፣ ልንዘጋ ነው» አለች ርብቃ፣ የፎቁን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ።

መልስ የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ወልደጊዮርጊስ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ ጉንጫቸውን በተገለጠ መጽሐፍ ላይ አሳርፈዋል። ከእግራቸው አጠገብ የከሰል ማንደጃው አመድ ለብሶ ቀዝቅዟል። ርብቃ ፈገግ አለች። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ እንደሚያደርጋቸው በግቢው የማያውቅ አልነበረም፤ የሚክዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጠጋ ብላ እጃቸውን ነካች። እጁ ደርቋል። ከንፈራቸው ግን ከብርድ እንደ ገባ ጤነኛ ሰው ከንፈር ቀልቷል፤ ከሁሉም ያስፈራት ይኸው መቅላቱ ነበር።

ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ራሷን አዞራት። ክፍሉ ከወትሮው ጨልሞባታል፤ የሚኮመጥጥ፣ የረጠበ ቆዳ የመሰለ ሽታም አፍንጫዋን ያዛት። እንዴት እንደ ጮኸች ራሷም አታውቅም። የግቢው ጥበቃ አያሌው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። የብራና መጻሕፍቱ ጠባቂ መሪጌታ ምሕረትአብ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ተከተሉት። በመጨረሻ የቤቱን እድሳት የሚመራው መምህር፣ ኢንጂነር በረከት፣ ጭቃ በጠጣ ቦት ጫማው ገባ። ከጋፋት መመለሱ ነበር።

ሬሳውን አየ፣ ማንደጃውን አየ፣ ከዚያ መስኮቶቹን አንድ በአንድ በረገዳቸው።

«ከሰሉ ነው» አለ። ወደ ርብቃ ዞሮም በለሰለሰ ድምፅ «አይዞሽ፤ ሳታውቂ ነው» አላት።

ክፉ ቃል አልተናገረም። ርብቃ ግን ያቺን «ሳታውቂ ነው» ስትሰማ ጆሮዋ ጭው አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በግቢው ሁሉ ዘንድ ጋሽ ወልደጊዮርጊስን የገደለቻቸው እሷ ሆነች።

ልጅቷ የሆሳዕና ሰው ናት። መጻሕፍት ለመመደብ ተቀጥራ ደብረ ታቦር ስትመጣ ብርዱም ሰዉም ከብዷት ነበር። ጋሼ ናቸው እንደ ልጅ ተቀብለው፣ ቤታቸው ወስደው ከባለቤታቸው ከእትዬ እመቤቴ ጋር ያስተዋወቋት። በየአውዳመቱ እነሱ ቤት ትውላለች። ከሰል አቀጣጥሎ ማምጣትም የሥራዋ ግዴታ አልነበረም። ወዳ የያዘችው ነገር ነው፤ እሳቸውም ማንደጃው በመጣ ቁጥር የአገር ምርቃት ያወርዱላታል።

ያን ቀን ግን ከሰሉ ሳይቀላ ነበር ያስገባችው። ዝናብ ነበር፣ ጥድፊያም ነበር። ከላይ ያሉት ፍም ሆነው ከሥር ያሉት ጥቁር እንደ ሆኑ እያየች ይዛው ወጣች። ይህን ማንም አይናገርባትም ብላ አሰበች፤ እንዳይታወቅም እየጸለየች አደረች። የጸሎቷ ነገር እያሳፈራት ደግሞ አለቀሰች።

በማግስቱ ጉም ከጉና ተራራ ወርዶ ከተማዋን ከነቆርቆሮዋ ውጧት ሳለ፣ ኢንስፔክተር ደሳለች በባጃጅ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ የላስቲክ ቦቲ የተጫማች ሴት ናት። ጥቁር ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ከኪሷ ቆሎ ዘገነች። ላያት ሰው መርማሪ ሳይሆን ለልጇ ክፍያ ልትፈጽም የመጣች ወላጅ ትመስላለች። ዓይኗ ግን አንድ ነገር ላይ ካረፈ ቶሎ አይነሳም።

ቤቱን በዝግታ ዞረችው። ክቡ ቤት የጉና ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከመሆኑ በፊት ብዙ ነገር ነበር። የመኳንንት ግምጃ ቤት ሆኗል፤ ጣሊያን ወታደር አስፍሮበታል፤ ደርግ እህል አከማችቶበታል። ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ሰው ሊጋደምበት ይችላል፣ ያን ያህል ወፍራም ነው። ታች የንባብ አዳራሽ አለ፤ ላይ አሮጌዎቹ መጻሕፍትና የሟቹ ጠረጴዛ። ጣሪያውን የሚሸከሙት በኖራ የተለቀለቁ ምሰሶዎች ናቸው። ቤቱን በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የጋፋት ባለሙያዎች እንደ ሠሩት ኢንጂነር በረከት በዶክትሬት ጥናቱ አረጋግጫለሁ ብሏል። በወሩ መጨረሻ ቤቱን በቅርስነት ለመመዝገብ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ለበረከትም ትልቅ ሹመት ተዘጋጅቶለታል።

«ከሰሉን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?» አለች ደሳለች፣ ከርብቃ ጋር ፎቅ ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ።

«እኔ ነኝ።»

«በደንብ ቀልቶ ነበር?»

«ቀልቶ ነበር» አለች።

ደሳለች በስክሪብቶዋ ጫፍ የማንደጃውን አመድ ቆሰቆሰች። ከአመዱ ሥር የሆነ ነገር አይታ ቆየች፤ ስክሪብቶውን በመሐረቧ ጠረገች። ርብቃ ምን እንዳየች ገባት። አሁን ትይዘኛለች ብላ ጠበቀች። መርማሪዋ ግን አልያዘቻትም፤ ይልቅ የባሰ ነገር ጠየቀቻት። ሌላ ከሰል እንደ ወትሮው አቀጣጥላ እንድታመጣና በሩንም መስኮቱንም ዘግታ አብራት እንድትቀመጥ።

ርብቃ አቀጣጥላ አመጣች። በሩ ሲዘጋ የመቃብር ክዳን የወደቀባት መሰላት። ደሳለች ከአሮጌ ጋዜጣ ቀዳ እፍኝ የማይሞላ ወረቀት ፍሙ ላይ ጣለች። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ መሄጃ አጥቶ ተንሳፈፈ፤ ቀስ በቀስም ወደ እነሱ መውረድ ጀመረ። ርብቃ ትንፋሿን ያዘች። የጋሼ የመጨረሻ ሰዓት ምን ይመስል እንደነበር አሁን እያየች መሆኑን አሰበች።

«ባለፈውና ባቻምናው ክረምት እዚህ ከሰል ታስገቢ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ዘንድሮ ሐምሌ ከገባ ወዲህ ዝናቡ ውጭ አላቀጣጥል ስላለን ነው የተውነው።»

«አንድ ቀን ራስ ምታት፣ ማጥወልወል?»

«ኧረ ምንም።»

«እነዚያስ ምንድን ናቸው?» አለች መርማሪዋ፣ በአገጯ ወደ ላይ እየጠቆመች። ግድግዳው ኮርኒሱን ከሚነካበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ቤቱን እንደ መቀነት ይዞሩታል። ርብቃ ቀና ብላ አየች። በእነዚያ ቀዳዳዎች ቀን ቀን ብርሃን ይገባ ነበር። አሁን ሁሉም ጨለማ ናቸው።

ደሳለች በሩን በረገደችና ወደ አየሩ አወጣቻት። ከዚያ አያሌው መሰላል እንዲያመጣ አዘዘች። እሷ ራሷ፣ ያ ሁሉ ሰውነቷ እያለ፣ በውጭ በኩል እስከ ጣሪያው ጠርዝ ወጣች። ስትወርድ እጇ ጭቃ ብቻ ነበር። ቤቱን አሽጋ ፖሊስ አቆመችበት።

የቀረውን ቀን ሰዎቹን ስታነጋግር ዋለች። መሪጌታ ምሕረትአብ ከሟቹ ጋር መጣላታቸውን ራሳቸው ተናገሩ፤ ብራናዎቹ ወደ ደብራቸው ይመለሱ ሲሉ እሳቸው እምቢ ብለዋቸው ነበር። ደሳለች እግራቸውን አየች፤ ደረጃ እንኳ የሚወጡት በስንት መከራ ነው። «አልዋሽሽም፤ ተቆጥቼው ነበር» አሏት። «ግን በዚያው ሰሞን እሱም የተቆጣው ሌላ ሰው ነበር። ፎቅ ላይ ሆኖ ለአንዱ ‹እንግዶቹ ሳይመጡ አንተው ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። ሰውየው ድምፁን ስላላሰማ ማን እንደሆነ አላውቅም።» አያሌው ደግሞ ማን መቼ እንደ ገባና እንደ ወጣ ተጠየቀ። በረከት የቀረበለትን ጥያቄ ሁሉ በትሕትና መለሰ፤ ማልዶ ጋፋት እንደ ሄደ፣ ከተማሪዎች ጋር የጥንቱን መሬት ሲለካ እንደ ዋለ ተናገረ። ስለ ርብቃም ሳይጠየቅ ደግ ደጉን አወራ፤ ልጅቷ ለፍቶ አዳሪ ናት፣ ከሰል ባለማወቅ ነው፣ ብትምሯት አለ።

ርብቃ ግን ከተከራየችው ክፍል መውጣት አቃታት። በመንገዱ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስላታል። የተማሪዎቹ ሹክሹክታ እስከ አልጋዋ ተከትሏት መጥቷል። ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ ብሄድ ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው ብላ መልሳ ፈታችው። እስር ቤቱን ፈራች፣ እናቷ የሚሰሙትን ወሬ ፈራች። ከሁሉም በላይ ግን የእትዬ እመቤቴን ፊት ፈራች። የጋሼ ቀብር ላይ ከሩቅ፣ ከዛፍ ሥር ቆማ አለቀሰች እንጂ ለቅሶ ቤት መድረስ አልቻለችም። ምን ብላ ትገባለች?

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደሳለች ሁሉንም በንባብ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። እትዬ እመቤቴ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከረጅሙ ጠረጴዛ ራስ ተቀምጠዋል። ርብቃ በሩ አጠገብ ወንበር መረጠች። ሁለት ፖሊሶች መቆማቸውን ስታይ ለእኔ ነው አለች በልቧ።

«ሐኪሙ በጭስ ነው የሞቱት ብሏል» ብላ ጀመረች ደሳለች። «ከሰል ነው፤ በዚያ አልከራከርም። ግን ይኸ ቤት የወታደር እሳት ሲነድበት ሰው አልገደለም። ይህችም ልጅ ሁለት ክረምት ሙሉ ከሰል ስታስገባ ሰው አልገደለም። ታዲያ ዘንድሮ ምን ነካው? የሠሩት ሰዎች አዋቂዎች ነበሩ። ከጣሪያው ሥር መተንፈሻ ትተውለታል። ኮርኒስ ሲገባለት የቀረው መውጫ እሱ ብቻ ነበር። አሁን ግን ቤቱ ታንቋል።»

ከላስቲክ ከረጢት የጭቃ ጓል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በቀዳዳው ልክ የተጠቀጠቀ፣ ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። ያ የሚኮመጥጥ ሽታ አዳራሹን ሞላው፤ ርብቃም የሸተታት የረጠበ ቆዳ እንዳልነበረ ያን ጊዜ አወቀች።

«ማነው የደፈነው?»

በረከት በእርጋታ ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ያን ማለዳ ነፋሱ ዝናቡን እያስገባ መጻሕፍቱን ሊያረጥብ ነበር። ቀዳዳዎቹ ግንበኞች የሚቆሙበትን መረባርብ የሰኩባቸው፣ ሳይደፈኑ የቀሩ መስለውኝ ነበር። መተንፈሻ መሆናቸውን ባውቅ እጄ ይቆረጥ። ይህ የልጅቷ ጥፋት ነው ሲባል ዝም ማለቴ ግን ያሳፍረኛል፤ ፈርቼ ነው።»

እትዬ እመቤቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሪጌታ «እግዚኦ» አሉ። አያሌው እንኳ ለሰውየው አዘነለት። ርብቃም አዘነችለት፤ መፍራትን ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል?

«መቼ አሰቡት?» አለች ደሳለች።

«ያኑ ዕለት ጠዋት አልኩ እኮ።»

«ጭቃውስ?»

«ከአፈር አቦካሁት።»

«ኢንጂነር፣ እኔ ዘንድሮ ቤት አስለስኛለሁ፤ የዚህን ሽታ ከአፍንጫዬ ለማውጣት ስንት ሳሙና ጨርሻለሁ። ጭቃ እንዲህ የሚሸተውና እንዲህ የሚይዘው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ከሳምንት በላይ ሲብላላ ነው። ጠዋት የተቦካ ጭቃ ቢሆን ኖሮ በነጋታው ተሰነጣጥቆ በወደቀ። ሌላ አገር ያደገ ሰው ጥሬውን ይለጥፍ ነበር። እርስዎ ግን ጭቃ ሲቦካ እያዩ ያደጉ፣ የዚሁ የገሳይ አገር ልጅ ነዎት፤ ሰው ለመግደል እንኳ ጥሬ ጭቃ መለጠፍ እጅዎ እምቢ አለ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተከደነውን ጉድጓድ አግኝቼዋለሁ።»

የበረከት ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ። ቢሆንም ቶሎ ራሱን ሰበሰበ። «ለአጥሩ ያዘጋጀሁት ጭቃ ነበር። ዝግጁ ስለሆነ ከእሱ ወሰድኩ። ጠዋት አቦካሁት ያልኩት ተደናግጬ ነው።»

«የአጥሩንም የቤቱንም ሥራ ዝናብ ገባ ብለው ሰኔ ላይ ያቆሙት እርስዎ ነዎት። ይሁን ግን፣ እንለፈው» አለች ደሳለች። «ለምን ይገድላቸዋል ትሉኝ ይሆናል። ፎቅ ላይ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ሟቹ የመካከለኛውን ምሰሶ ኖራ ፍቀውታል። ከኖራው ሥር ያለው ጽድ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ እዚህ አገር የገባው አፄ ቴዎድሮስ ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከዋናው ምሰሶ ጋር የተሠራ ቤት እንዴት የቴዎድሮስ ዘመን ይሆናል? ጥናቱ ውሸት ነው፤ ሹመቱም በውሸት ላይ የቆመ ነው። ሟቹ ግን ሰው ማዋረድ አልወደዱም። ‹አንተው ተናገር› ብለው ዕድል ሰጡት።»

«ምሰሶ በዘመናት ይለወጣል» አለ በረከት። ድምፁ አሁን ከርሯል። «ይህ ሁሉ ግምት ነው። እኔ ጋሼ ያን ቀን ከሰል እንደሚያስገቡ በምን አውቃለሁ? ከሰል ካቆሙ ሰንብተዋል። ማልጄ ደፍኜ ጋፋት ሄድኩ፤ እስከ ማታ አልተመለስኩም። ከሰሉን ያስገባችው እሷ ናት። እሷን ጠይቋት።»

ደሳለች ቆሎዋን ከኪሷ አውጥታ ሳትበላው በመዳፏ እንደ ያዘች ወደ ርብቃ ዞረች። አየቻት እንጂ አልጠየቀቻትም።

ርብቃ ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ማረፉን አወቀች። ዝም ብትል ምንም አይመጣባትም፤ ከሰሉ ቀልቶ ነበር ብላለች፣ ሰውየውም በስህተት ደፈንኩ ብሏል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ብትናገር ግን ያ የሦስት ቀን ምጧ በእትዬ እመቤቴ ፊት ይዘረገፋል። ቀና ብላ አሮጊቷን አየቻቸው። እሳቸውም እያዩዋት ነበር።

«ዋሽቻለሁ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ከሰሉ አልቀላም ነበር። ያን ቀን ላስገባም አላሰብኩም፤ ዝናብ ነበር። ከምሳ በኋላ ኢንጂነር በረከት በዕቃ ቤቱ በኩል መጣና ‹ጋሼ በብርድ ሊያልቁ ነው፣ ዛሬ እንኳ ከሰል አታደርጊላቸውም?› አለኝ። አቀጣጠልኩ። እንደገና መጥቶ ቶሎ በይ አለኝ። ገና ጥቁር ነው አልኩት። ‹ግድ የለም፣ እዚያው ይቀላል፤ ብቻ ዝናብ እንዳይገባባቸው በሩንና መስኮቱን ጥብቅ አድርገሽ ዝጊ› አለኝ። እኔም ዘጋሁት። በእጄ ነው የዘጋሁት።»

«ውሸት ነው! እኔ ጋፋት ነበርኩ» አለ በረከት።

ደሳለች ዞር ብላ «አያሌው፣ ኢንጂነሩ በስንት ሰዓት ነው ከግቢ የወጡት ያልከኝ?» አለችው።

አያሌው ኮፍያውን አወለቀ። «ከምሳ በኋላ ነው። ልጅቷ ማንደጃውን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ቆሞ ሲያያት ነበር። ከገባች በኋላ ነው የሄደው።»

በረከት ወደ በሩ ሊራመድ ሲል ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ይዘውት ሲያልፉ ርብቃን እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። የቦት ጫማው ድምፅ በድንጋዩ ወለል ላይ እየራቀ ሄዶ በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

«የከሰሉን ነገር ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ» አለች ደሳለች፣ ርብቃ አጠገብ ቁጭ ብላ። «ከአመዱ ሥር ጥቁሩን አይቼዋለሁ። የማላውቀው ማን እንዳስቸኮለሽ ነበር። ይህን ደግሞ ካንቺ አፍ በቀር ከየትም አላገኘውም። ለምን ያን ዕለት አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እሱም የተማመነው በዚህ ነው። ካለነው ሁሉ አንቺን የመረጠው እዚህ አገር ዘመድ የለሽም፣ ትፈሪና ዝም ትያለሽ ብሎ ነው። ስለ ከሰሉ ደግሞ ስሚኝ፤ ቀላም ጠቆረም፣ መውጫ ካጣ ያው ነው የሚገድለው። ይህን ለማጽናኛ አይደለም የምነግርሽ።»

ርብቃ ራሷን ነቀነቀች፤ ቃሉ ጆሮዋ ገባ እንጂ ገና ልቧ አልደረሰም። አጠገቧ የጥቁር ቀሚስ ጫፍ አየች። እትዬ እመቤቴ ቆመዋል። ርብቃ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች።

አሮጊቷ ሦስት ቀን ከለቅሶ ያስቀራት ይኸው ከሰል መሆኑን ጠየቋት፤ እሷም አዎ አለች። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ብብቷን ይዘው አስነሷት።

«እሱ አንቺን እንደ ልጁ ነበር የሚያይሽ፤ እሱንም አንቺንም አጣሁ ብዬ ነው ያለቀስኩት» አሉ። «ሰው መጣ ባሉ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ በሩን ሳይ ነበር። በይ ነይ፣ ቤት እንሂድና አብረን እናልቅስ።»